የሕፃናት ጉሮሮ፦ ስለ ቶንሲል፣ ስለ አዴኖይድና ስለ እንጥል

ከመርሐ ቤቴ ከዓለም ከተማ ተነሥቶ፣ የወንጭትን ቆላ ወርዶና ተሻግሮ፣ ገደሉን ሽቅብ ጨርሶ ደጋው ላይ ብቅ ያለ መንገደኛ ደጎሎን የሚያገኛት በወሎ፣ በጃማ ሜዳ ላይ ነው፤ መሬቱ በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መረሬ ሲሆን ስንዴና ጤፍ፣ ባቄላና ምስር አብዝቶ ያበቅላል፤ እንጨት ግን አልታደለም። ስለዚህ በዚህ አገርና ከዚያም አልፎ በከላላና በወረኢሉ፣ እስከ ቦረናው መካነ ሰላም ድረስ በተዘረጋው ደጋ፣ የባላገሩ ምድጃ በአመዛኙ የሚነደው በኩበት ነው፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሲገባ ደግሞ በሩ ይዘጋል፣ ጢሱ ከውስጥ ይቀራል፣ ልጆችም በአንድ መደብ ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ። ጉንፋንና የጉሮሮ ሕመም ከልጅ ወደ ልጅ የሚዘዋወርበት ወራት ይህ ነው። እናት ጠዋት የልጇን ግንባር ስትዳስስ ተኩሶ ታገኘዋለች፤ ቁርሱን ሲያቀርቡለት አንገቱን ያዞራል፣ ምራቁን ሲውጥ ፊቱን ያጨማድዳል። ያን ጊዜ ከጎረቤት አንዲቱ «ቶንሲሉ ተነሥቶበት ነው» ትላለች፤ ሌላዪቱ ደግሞ «የለም፣ እንጥሉ ወርዶ ነው» ትላለች፤ የልጁም ዕድል ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ከነዚህ ከሁለቱ ንግግሮች የየትኛዋ ሚዛን እንደሚደፋ በሚታይበት በዚያ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ሐተታው እንዳይደናገር በጉሮሮ ውስጥ ያሉትን ሦስቱን ብልቶች ለይቶ ማወቅ ይገባል። አፍ ተከፍቶ ሲታይ ከላንቃ ጫፍ፣ ከመካከል፣ ቁልቁል የተንጠለጠለችው ትንሽ ሥጋ እንጥል ናት፤ ሥራዋም ከለስላሳው ላንቃ ጋራ ተባብራ በመዋጥ ጊዜ ምግብና ውሃ ወደ አፍንጫ እንዳይመለስ ማገዝ፣ ጉሮሮንም ማራስ፣ በንግግርም ድምፅን ማቅናት ነው። ከእርሷ በስተቀኝና በስተግራ፣ ላንቃው ወደ ምላስ በሚወርድባቸው እጥፋቶች መካከል የተቀመጡት ሁለቱ ሥጋዎች ቶንሲሎች ናቸው። ሦስተኛው አዴኖይድ ግን ከአፍንጫ በስተኋላ፣ ከላንቃ በላይ ተሰውሮ የሚኖር ስለሆነ አፍ በመክፈት ብቻ አይታይም፤ ሐኪም እርሱን ለማየት ወይ በአፍንጫ የምትገባ ቀጭን መመልከቻ፣ ወይ ራጅ ያስፈልገዋል። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ቪልሄልም ቫልዳየር እ.ኤ.አ. በ1884 እንደ ገለጸው፣ ቶንሲልና አዴኖይድ ከምላስ ሥር ካለው ዘመዳቸው ጋራ ሆነው አየርና ምግብ በሚገቡበት በር ዙሪያ ቀለበት ሠርተው የቆሙ ናቸው፤ ሥራቸውም የዘበኛ ሥራ ነው፤ ከውጭ የሚመጡትን ረቂቃን ተሐዋስያን አስቀድመው ይቀበላሉ፣ ጠባያቸውን ይመረምራሉ፣ ሰውነትም መከላከያውን እንዲያዘጋጅ ያስታውቁታል።

ይህ ትውውቅ በይበልጥ የሚካሄደው በሕፃንነት ዘመን ስለሆነ፣ ቶንሲልና አዴኖይድ ልጁ ከ3 እስከ 7 ዓመት ሲሆነው ይገዝፋሉ፤ ከዚያ በኋላ እየኮሰሱ ይሄዳሉ፤ በጉርምስና ዕድሜም አዴኖይድ ጨርሶ የለም እስኪባል ድረስ ይመነምናል። ስለዚህ በአምስት ዓመት ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ትልቅ ቶንሲል ማየት የዕድሜው ባሕርይ ነው እንጂ ለብቻው የደዌ ምልክት ሊባል አይችልም። ይህን ያላወቀ፣ ሐኪምም ይሁን መንደርተኛ፣ ጤናማውን ሥጋ በጠላትነት ይፈርጀዋል፤ ወደ ኋላ እንደምናየው በዚህ ረገድ የኒውዮርክ ሐኪሞች ከወሎ መንደርተኞች ብዙም የተሻሉ አልነበሩም።

በጤና ጣቢያ የሚደረገው ምርመራ አጭርና ቀላል ነው። ልጁ በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለደረቷ ይሰጣል፤ እናቲቱም በአንድ ክንዷ ሁለቱን እጆቹን አቅፋ፣ በሌላው እጇ ግንባሩን ወደ ራሷ አስጠግታ ትይዛለች። ጤና መኮንኑ ባትሪውን አብርቶ ምላሱን በጠፍጣፋዪቱ እንጨት ጫን ሲያደርግ ልጁ ያቅለሸልሸዋል፤ በዚያች ቅጽበት ቶንሲሎቹ ወደ መካከል ብቅ ይላሉ፤ የሚታየውም ነገር ሁሉ የሚታየው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ልቅሶ ነው። ቶንሲሎቹ ቀልተውና አብጠው፣ በላያቸውም ነጭ ወይም ቢጫ የመግል ነጠብጣብ ካለ፣ ከመንጋጋ በታች ያሉት ንፍፊቶች ሲዳሰሱ የሚያሙ ከሆነ፣ ትኩሳት ኖሮ ሳል ግን ከሌለ፣ መኮንኑ ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ይጠረጥራል፤ በተለይም የልጁ ዕድሜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ንፍጥ፣ ሳል፣ የዓይን መቅላት፣ የድምፅ መጎርነን ካለ ግን ምክንያቱ በአመዛኙ ቫይረስ ነው። ጉሮሯቸውን ከታመሙት ሕፃናት መካከል በዚህ ባክቴሪያ የታመመው ከሦስት ወይም ከአራት አንዱ ቢሆን ነው፤ የቀሩት በሽታቸው በሳምንት ውስጥ የሚለቅ ስለሆነ ፓራሲታሞል፣ ለብ ያለ ፈሳሽና ዕረፍት ይበቃቸዋል፤ አንቲባዮቲክ ምንም አይጨምርላቸውም። ማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ሆኖም ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር ከቶ ሊቀምስ አይገባም፤ በማር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኘው የቦቱሊዝም ዘር በጨቅላ አንጀት ውስጥ በቅሎ መርዝ ያመነጫልና።

እዚህ ላይ ሊዘገይ የማይገባው አንድ ነገር አለ። ልጁ አፉን መክፈት ከተሳነው፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረበረበ፣ ድምፁ ታፍኖ ከተለወጠ፣ ወይም ሲተነፍስ ጉሮሮው የሚያጓራ ከሆነ፣ ከቶንሲል በስተኋላ መግል ተቋጥሮ ወይም አየር መተላለፊያው ጠብቦ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን የታየበት፣ በተለይም ክትባቱን ያልጨረሰ ልጅ፣ ዲፍቴሪያ ሊሆን ስለሚችል እንደዚሁ ነው።

በአገራችን ስለ ቶንሲል ሲነገር እጅግ ተዘንግቶ የኖረው ጉዳይ ግን ያለው ከደረት ውስጥ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የለበሰው ልባስ በአንዳንድ ነገሩ ከሰው ልብና ከመገጣጠሚያ ሥጋ ጋራ የሚመሳሰል ስለሆነ፣ ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ፣ ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ባዕዱንና የራሱን ወገን መለየት ተስኖት ልብን ይወጋል። ልጁ ጉልበቱ ያብጣል፣ ነገ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከነገ ወዲያ ክርኑ፤ ቤተ ሰቡም ብርድ መታው ብሎ በቅቤ ያሸዋል። የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፤ በልቡ ቫልቮች ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አያልፍም፤ እያደርም እየጠነከረ ሄዶ፣ ወንዱ በሃያ ዓመቱ ዳገት መውጣት ሲያቅተው፣ ሴቲቱም የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ትንፋሽ ሲያጥራት ይገለጣል። የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የተማሪዎችን ልብ በአልትራሳውንድ የመረመረ ጥናት፣ ከ1000 ተማሪዎች በ19ኙ ላይ ይህን ሕመም አግኝቷል፤ ይህም ማለት ብዙ ተማሪዎች ባሉት አንድ የወረዳ ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ሕመማቸውን ሳያውቁ የሚሮጡ ልጆች አይጠፉም ማለት ነው።

ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳውን ማኅበር ሲያቋቁሙ በአገሩ ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት ቦታ ስላልነበረ፣ ማኅበሩ ለብዙ ዘመን ሕፃናቱን ወደ ባሕር ማዶ እየላከ ያሳክም ነበር፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል የተከፈተው ከ20 ዓመት በኋላ በ2009 ነው። ለዚህ ሁሉ ድካምና ወጪ ምክንያት የሚሆነው በሽታ ግን ጉሮሮው በታመመ በ9 ቀን ውስጥ በሚጀመር ፔኒሲሊን ሊገታ የሚችል መሆኑን ሳስብ፣ የጤና ነገር ምን ያህል በጊዜ ላይ የቆመ እንደ ሆነ ይታየኛል። መድኃኒቱ ወይ ለ10 ቀን የሚሰጥ አሞክሲሲሊን፣ ወይ አንድ ጊዜ ብቻ በጡንቻ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። በአሞክሲሲሊኑ ሽሮፕ በኩል ያለው ችግር የታወቀ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲወርድ ልጁ ድኗል ተብሎ የተረፈው ጠርሙስ ለታናሹ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋው መርፌ፣ ሕፃኑን ቢያስለቅስም፣ መንገዱ ሩቅ ለሆነ ባላገር የሚሻል ይመስለኛል። ልቡ አንድ ጊዜ የተነካ ልጅ ደግሞ ያንኑ መርፌ በየ3ና በየ4 ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት መወጋት አለበት፤ ቫልቩ እጅግ የተጎዳ ሕመምተኛ ከሆነ ግን በመርፌው ፈንታ የሚዋጠውን ፔኒሲሊን መስጠት እንደሚሻል የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 መክሯል።

አሁን ወደ ሁለተኛዪቱ ጎረቤት ንግግር እንመለስ። እንጥል ወርዳ፣ አብጣ፣ በመጨረሻም ፈንድታ ሕፃኑን ትገድላለች የሚለው እምነት በወሎ ብቻ ሳይሆን በብዙው የኢትዮጵያ ክፍልና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የቆየ ነው። መሠረቱም ጭካኔ አይደለም፤ ልጅ በልጅ ላይ በጉሮሮ በሽታ ሲሞት ያየች እናት ከሞቱት አፍ ውስጥ ያየችው ያበጠችውን እንጥል ነበር፤ እርሷን ጥፋተኛ ማድረጓ ካየችው ነገር የተነሣ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ገና በጨቅላነቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ሳይታመም ለጥንቃቄ ተብሎ፣ እጁ ለዚህ ነገር የለመደ ሰው ይጠራል፤ እንጥሊቱም ባልተቀቀለ ስለት ትቆረጣለች። ከዚሁ ጋራ ዘመድ የሆነው ልማድ ቶንሲሉን በጣት መቧጠጥ ነው፤ ጣቱ ገብቶ ያበጠውን ሥጋ በጥፍር ይፍቃል፣ መግሉና ደሙ ይወጣል፣ ልጁም ለጊዜው ቀለል ያለው ይመስላል። የወተት ጥርስ ሊወጣ ሲል ድዱን ፈልቅቆ ማውጣትም በዚሁ ተርታ የሚቈጠር ነው።

የሚያስከትሉት ጉዳት ብዙ ነው፤ የማይቆም ደም፣ የደም መመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ስለቱ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር ደግሞ በደም የሚተላለፉ በሽታዎች። በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የከፋው ማዘናጋቱ ነው፤ እንጥሉ የተቆረጠለት ልጅ ታክሟል ተብሎ ስለሚታመን፣ ስትሬፕቶኮከሱ ከነሙሉ ኃይሉ በቶንሲሉ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ያ የ9 ቀን ጊዜ ያልፋል። ጎጂ ልማዶችን እንዲታገል እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚቴ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ከሚያስተምርባቸው ነገሮች ውስጥ አስገብቷቸው ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የሕፃንን እንጥል ወይም የወተት ጥርስ በመቁረጥና በማውጣት ሞት ያደረሰውን ሰው፣ ድርጊቱን በስም ጠቅሶ፣ ይቀጣል። ሕጉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከአንዲት አያት ጋራ ቡና እየጠጣች የምታስረዳው ነገር ከአንቀጹ ይልቅ ሩቅ እንደሚሄድ እገምታለሁ፤ እንጥል የምታስቆርጠው አያት ሕግን ለመጣስ ሳይሆን የልጅ ልጇን ለማትረፍ የተነሣች ናትና።

በስለት መቸኮል ደግሞ የኛ ብቻ ነውር አይደለም። ሮማዊው ኬልሱስ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ምእት ዓመት በጻፈው የሕክምና መጽሐፍ ቶንሲል ዙሪያውን በጣት ተፈልቅቆ የሚወጣበትን ሥርዓት አስተምሯል፤ እንጥል መቁረጥንም ከዚያው አያይዞ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1828 የፊላደልፊያው ሐኪም ፊሊፕ ፊዚክ ቶንሲል በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ መሣሪያ ሲያወጣ፣ መሣሪያውን ያሻሻለው ከዚያ በፊት እንጥል ለመቁረጥ ይሠራበት ከነበረው ነው። ስለዚህ ዛሬ በሆስፒታል የምናከብረው የቶንሲል ቀዶ ሕክምና በዘር ሐረጉ ቢቈጠር ከእንጥል መቁረጥ የሚወለድ ሆኖ ይገኛል። አዴኖይድን በተመለከተ ብርሃኑን ያበራው ዴንማርካዊው ቪልሄልም ማየር ነው፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1868 በኮፐንሃገን፣ ከአፍንጫ በስተኋላ ያደገው ሥጋ ትንፋሽን ዘግቶ፣ ጆሮን አደንቁሮ፣ ልጅን ፈዛዛ እንደሚያስመስል ገለጠ፤ ሲሞትም ከብዙ አገር በተዋጣ ገንዘብ በከተማው ሐውልት ቆመለት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የችኮላ ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 በታተመ አንድ ጥናት በኒውዮርክ ከተማ 1000 የ11 ዓመት ተማሪዎች ተመረመሩ፤ 611ዱ ቶንሲላቸው አስቀድሞ ወጥቷል። የቀሩትን 389 የትምህርት ቤት ሐኪሞች አይተው 174ቱ ይቆረጥላቸው አሉ። ጤነኞች የተባሉት 215 ለሌሎች ሐኪሞች ቀረቡ፤ እነዚያም የፊተኛውን ፍርድ ሳያውቁ ከነርሱ 99ኙን መረጡ። የተረፉት 116 ለሦስተኛ ጊዜ ሲታዩ 51ዱ ደግሞ ቢላዋ ያስፈልጋቸዋል ተባለ፤ ከሺው ተማሪ ማንም ያልመረጣቸው 65 ብቻ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም አሊሰን ግሎቨር በአገሩ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ከወረዳ ወረዳ አመዛዝኖ፣ ልዩነቱ በበሽታው መጠን ሳይሆን በሐኪሙ አስተያየት ላይ የተመሠረተ እንደ ሆነ አሳየ፤ ሆርንሲ በተባለች ወረዳ የትምህርት ቤቱ ሐኪም ቢለወጥ በ1928 የ186 ልጆች የነበረው ቀዶ ሕክምና በተከታዩ ዓመት ወደ 12 ወረደ፤ ልጆቹም በዚህ ምክንያት የባሰ በሽታ አልደረሰባቸውም። ይህን ታሪክ ሳነብ የወሎዋን አያት አላዋቂ ብሎ መዝለፍ ይከብደኛል።

ዛሬ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናን የሚያዙት በመስፈሪያ ነው። በፒትስበርግ የነበሩት ዶክተር ጃክ ፓራዳይዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ሥርዓት መሠረት፣ ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ፣ ወይም በ2 ዓመት ውስጥ በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም በ3 ዓመት ውስጥ በየዓመቱ 3 ጊዜ በደንብ የታየና የተመዘገበ የቶንሲል ሕመም ሲደርስበት ስለ ማውጣቱ መነጋገር ይገባል፤ ከዚያ ባነሰ ግን መጠበቅ ይሻላል፤ ብዙ ልጆች ሳይቀደዱም ዕድሜያቸው ሲገፋ ሕመሙ እየራቀላቸው ይሄዳልና። በዚህ አገር ያለው ችግር ቍጥሩን የሚይዝ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ሆኖም ባላገር መዝገብ ባይኖረውም ጊዜ አይጠፋበትም፤ ክርስቲያኗ «በሚካኤል ሰሞን ተነሣበት፣ ለጥምቀት ደገመው» ስትል፣ ሙስሊሟ ጎረቤቷ «ከረመዳን ወዲህ ሦስተኛው ነው» ስትል፣ አስተዋይ ሐኪም ይህን በካርዱ ላይ በቀን አስቀምጦ ሊጽፈው ይችላል። በየጊዜው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣም ትኩሳቱና መግሉ ቢጻፍ፣ በሦስተኛው ዓመት ደሴ ያለው ሐኪም የሚፈርደው ከወሬ ሳይሆን ከመዝገብ ይሆናል።

ቀዶ ሕክምናን ከዚህ ይበልጥ የሚያስፈልግ የሚያደርገው ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም የእንቅልፍ ትንፋሽ ነው። አዴኖይዱ የአፍንጫን ኋላ፣ ቶንሲሎቹም ጉሮሮን ሲያጠብቡ፣ ልጁ ቀን በአፉ ይተነፍሳል፣ ሌሊትም ያንኮራፋል። ማንኮራፋት ብቻውን ብዙ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ማንኮራፋቱ በድንገት ተቋርጦ፣ ደረቱ ግን እየታገለ፣ የጎድኖቹ መካከልና የአንገቱ ሥር ወደ ውስጥ እየገባ፣ ለብዙ ቅጽበት አየር ሳይገባ ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ ልጁ እየተንፈራገጠ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ሲስብ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ሌሊቱን አልተኛም ማለት ነው፤ አልጋውን ያረጥባል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ በትምህርት ቤት ያንቀላፋል ወይም አለቅጥ ይቅበዘበዛል፣ አካሉም አያድግም። ውሃ ከጆሮው ታምቡር ኋላ ሲጠራቀም መስማት ስለሚቀንስ፣ መምህሩ «አይሰማኝም፣ ደንቆሮ ነው» ሲል ነገሩ እንደ ተነገረው ሆኖ ይገኛል። ደጎሎን የመሰለ ከባሕር ወለል 2500 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ያለ ደጋ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ትንፋሹ በሌሊት የሚቋረጥ ልጅ ኦክሲጅኑ የሚወርደው ቀድሞውኑ ዝቅ ካለ መጠን ተነሥቶ ነው፤ የኩበቱ ጢስ ደግሞ በላዩ ላይ ሥጋውን ያስቆጣል።

ይህን በሽታ በትልልቅ አገሮች የሚመረምሩት ልጁን በሽቦ አስረው ሌሊቱን በማሳደር ነው። በዚህ አገር ያ መሣሪያ ብርቅ ስለሆነ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ከልጁ አጠገብ የምታድረው እናት ናት፤ ስልክ ካላትም የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጻ ብትወስድ ሐኪሙ ከረጅም ንግግር ይልቅ ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆናቸውን 464 ልጆች ተከታትሎ፣ ቶንሲልና አዴኖይዳቸው ከወጣላቸው ከመቶው 79 እጅ የሚሆኑት ከ7 ወር በኋላ የሌሊት ትንፋሻቸው እንደ ተስተካከለ፣ ሳይቀደዱ ከቆዩትም 46 እጅ የሚሆኑት እንዲሁ በጊዜ ብዛት እንደ ተሻላቸው አመልክቷል። ስለዚህ ሕመሙ ቀላል የሆነበት ልጅ በአፍንጫ የሚነፋ ስቴሮይድ ታዝዞለት ለጥቂት ወራት ቢታይ ጉዳት የለውም፤ ትንፋሹ የሚቋረጠውና የማያድገው ልጅ ግን መጠበቅ የለበትም።

መንገዱ የታወቀ ነው፤ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም በሪፈር ወረቀት በወረኢሉ በኩል ወደ ደሴ፤ ነገሩ ከከበደም ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተመዘገበ ቤተ ሰብ፣ ወረቀቱን ይዞ ደረጃውን ተከትሎ መሄድ አለበት፤ ደረጃውን የዘለለ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከመሄድ አስቀድሞ ግን አንድ ጥያቄ በቤት ውስጥ ሊጠየቅ ይገባል፤ ልጁ ሲገረዝ ወይም ጥርሱ ሲነቀል ደሙ አልቆም ብሎ ያስቸገረ ነበርን? በዘመድስ እንዲህ ያለ ሰው አለን? ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ቢላዋውን ማንሣት የለበትም።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከአንድ ሰዓት በታች የሚያልቅ ነው። ልጁ ከዋዜማው ምግብ ተከልክሎ ያድራል፤ ሙሉ ሰመመን ተሰጥቶት ከተኛ በኋላ በትንፋሽ ቧንቧው ውስጥ ቱቦ ይገባል፣ አፉ በብረት መክፈቻ ይከፈታል፣ ምላሱም ከሥር ይያዛል። ሐኪሙ ቶንሲሉን በመቆንጠጫ ይዞ ወደ መካከል ይስባል፣ ከጡንቻው የሚለየውን ቀጭን ሽፋን ተከትሎ ይፈለቅቃል፣ የሚደማውን ሥር በእሳት ወይም በክር ይዘጋል፤ አዴኖይዱን በአፍ በኩል ከላንቃ በላይ በገባ ማንኪያ መሰል ስለት ይፍቃል፣ በጨርቅም ተጭኖ ደሙን ያቆማል። እንጥሊቱን አይነካትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው ለደጋው ሰው ትልቁ ፈተና። ቶንሲሉ በነበረበት ቦታ ላይ ነጭ ሽፋን ይታያል፤ ይህ የቁስሉ ቅርፊት ነው፣ መግል አይደለም፣ በጣትም ሊነካ አይገባም። ሕመሙ እስከ 10 ቀን ድረስ ይቆያል፣ ወደ ጆሮም ይሰማል፤ ፓራሲታሞል በሰዓቱ ይሰጠዋል፤ አስፒሪን ደም ስለሚያቀጥን፣ ኮዴይን ደግሞ በአንዳንድ ሕፃናት ትንፋሽን ስለሚያቆም አይሰጡም። ውሃ አብዝቶ መጠጣት፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚትና እርጎ መብላት ይገባዋል፤ በርበሬ የበዛበት ወጥና የደረቀ ቂጣ ይቆይለት። ደም የሚፈስባቸው ጊዜያት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሁለተኛውም ቅርፊቱ በሚላቀቅበት ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። የደሴ ልጅ በሰባተኛው ቀን ቢደማ ሆስፒታሉ በቅርብ ነው፤ የጃማ ልጅ ግን በሦስተኛው ቀን በመኪና ወደ አገሩ ከተመለሰ፣ ያ ቀን የሚያገኘው ከሆስፒታሉ ርቆ በደጋው ላይ ነው። ስለዚህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው ቤተ ሰብ ልጁን እስከ ሁለተኛው ሳምንት እዚያው ቢያቆየው ይሻላል፤ ዘመድ ለሌለውም ሐኪሙ ይህን አስቦ ቀጠሮውን ቢያቀናለት የሥራው አካል ነው። በእነዚያ ሌሊቶች እናቲቱ ልጇ ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ የሚውጥ መስሎ ከታያት ባትሪ አብርታ አፉን ትመልከት፤ ቀይ ደም ካየች፣ ወይም ልጁ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስታወከ፣ ቁጭ አድርጋና ወደ ፊት አዘንብላ ይዛው በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታሉ ትውሰደው።